የኢንዶስኮፒ ክፍል በቫይረስ ወረርሽኝ ጊዜ፦ ከአማራጮቹ የትኛው ይመረጥ?

በኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ (ኢንዶስኮፕ) ወደ ሰውነት ገብቶ ምርመራ በሚደረግበት ክፍል፣ ቫይረስ የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ የታካሚው እስትንፋስና ሳል፣ ከመሣሪያው ቻናል (የውስጥ ቱቦ) ተስፈንጥሮ የሚረጭ ፈሳሽ፣ እና ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው የሚሄደው መሣሪያ ራሱ። ወረርሽኝ ሲነሳ ብዙ ክፍሎች ቀድመው የሚደነግጡት በሦስተኛው ነው። ጠንከር ያለ ኬሚካል ያፈላልጋሉ፣ መሣሪያውን ደጋግመው ይነክራሉ፣ ክፍሉን በጭስ ያጥናሉ። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛን የመሰሉ ቅባታማ ሽፋን ያላቸው ቫይረሶች ግን በኬሚካል ለመግደል ከሚቀሉት ተዋህስያን ውስጥ ናቸው። ከ62 እስከ 71% አልኮል ወይም 0.1% ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኮሮና ቫይረስን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በደንብ የታጠበና የተነከረ ኢንዶስኮፕ ከዚህ እጅግ ጠንካራ የሆነውን የቲቢ ባክቴሪያ እንኳ እንዲገድል የተሰላ ሂደት አልፏል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ አቋም አንድ ነው፦ ጥብቅ በጀትና ጥብቅ ጊዜ ላይ ያለ ክፍል ቅድሚያውን ለአየርና ለፊት ይስጥ፤ የመሣሪያውን እጥበት ደግሞ ሳይጨምርም ሳይቀንስም እንደ ወትሮው በትክክል ይሥራ። ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች ሁሉ በዚህ ሚዛን የተመዘኑ ናቸው።

ዛሬ ይሠራ ወይስ ይቆይ?

እዚህ ላይ ምርጫው በአንጻራዊነት ቀላል ነው። የሚደማ ጨጓራ ወይም የደም ሥር፣ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ በምግብ ቧንቧ ላይ የተቀረቀረ ባዕድ ነገር አይቆዩም። በተለይ ሕፃን የዋጠው ክብ ባትሪ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢወጣ ይመረጣል፤ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ እዚያ ላይ ስህተት ነው፣ ታካሚው ቫይረሱ እንዳለበት ተቆጥሮ ወደ ሥራው መገባት አለበት። ለመዋጥ የሚቸገር፣ ያለ ምክንያት ክብደት የቀነሰ፣ የብረት እጥረት ደም ማነስ የታየበት ወይም በሰገራው ደም የተገኘ ታካሚ ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ መታየት ያለበት ነው። የፖሊፕ ክትትል፣ አደገኛ ምልክት የሌለው ቃር፣ ከዚህ በፊት ተመርምሮ ንጹሕ የሆነ የሆድ መነፋት ይቆያሉ።

ችግሩ ሁልጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ምድብ ነው። «ይቆይ» የተባለ ታካሚ ቀን ካልተቆረጠለት ይረሳል። የተላለፉትን ስሞች በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሐኪም በስም ይመደብ፤ «ወደፊት» የሚል ቀጠሮም አይጻፍ። በሚቆዩት ላይ የሰገራ ደም ምርመራና ካልፕሮቴክቲን (የአንጀት ብግነትን የሚያሳይ የሰገራ ምርመራ) ቅደም ተከተሉን ለማውጣት ይረዳሉ። ለጨጓራው ባክቴሪያ ለሄሊኮባክተር ፓይሎሪም የሰገራ አንቲጅን ምርመራ በቂ ነው፤ የትንፋሽ ምርመራው ታካሚው በኃይል እንዲተነፍስ ስለሚያደርግ በወረርሽኝ ጊዜ ቢቀር ይሻላል።

ጥያቄ፣ ፈጣን ምርመራ ወይስ ፒሲአር?

ሦስት አማራጮች አሉ፣ አንዱም ብቻውን አያስተማምንም። ትኩሳት፣ ሳል፣ የማሽተት መጥፋት እና ከታመመ ሰው ጋር መገናኘትን የሚጠይቀው ቅጽ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ምልክት ሳያሳዩ የሚያስተላልፉትን ያልፋቸዋል። ከአንድ ቀን በፊት በስልክ፣ በዕለቱም በር ላይ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በስልኩ ይሁን፤ የታመመው ታካሚ እቤቱ እንዲቀር ማድረግ የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።

የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ፒሲአር ከሁሉም በላይ ጥቂቱን ቫይረስ ያገኛል፤ ናሙናው ግን ከኢንዶስኮፒው በፊት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተወስዶ ውጤቱም በጊዜ መድረስ አለበት። ላቦራቶሪው አምስት ቀን የሚወስድ ከሆነ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሌላው ድክመቱ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር «ፖዘቲቭ» ማለቱ ነው። በቅርቡ ታሞ የዳነን ሰው በፒሲአር ደጋግሞ መፈተን ጥቅም የሌለው ወረፋ ይፈጥራል፤ እርሱን በቀን ቆጠራና በምልክቶቹ መዳን ይወስኑ።

ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ቫይረሱ በብዛት ባለበት ጊዜ፣ ማለትም ሰውየው በጣም በሚያስተላልፍበት ጊዜ፣ በደንብ ይይዛል፤ ምልክት በሌለባቸው ላይ ግን ብዙ ያመልጠዋል። በክፍሉ በር ላይ በዕለቱ ለመሥራት ከሦስቱ የሚመቸው እርሱ ነው። ስርጭቱ ሲያድግ ፒሲአር በጊዜ የሚደርስ ከሆነ ፒሲአር፣ ካልሆነ ግን የዕለቱ አንቲጅን ይመረጥ። በየትኛውም መንገድ ኔጌቲቭ የሆነ ውጤት የማስክ ማውለቂያ ፈቃድ አይደለም። ስርጭቱ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ከሚገኙት ፖዘቲቮች ውስጥ የሐሰት ድርሻቸው ይጨምራል፤ ያኔ ሁሉንም መመርመር ሥራ ከማስተጓጎል በቀር ብዙም አይጠቅም።

ማስክ፦ ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው

በአፍ የሚገባ ምርመራ ታካሚውን ያስለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሐኪሙም ነርሷም ከአፉ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ብሮንኮስኮፒ (የሳንባ ቧንቧ ምርመራ) ከዚህም የባሰ ነው። ኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት ምርመራ) ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ፤ የአሜሪካ የጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 በአፍ ለሚገባው (ለላይኛው) ምርመራም ለታችኛውም ኤን95 የተባለውን ብናኝ አጣሪ ማስክ መክሯል። ስርጭቱ በበረታበት ጊዜ በሁለቱም ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ከሰገራው ይልቅ ታካሚው ማደንዘዣ ወስዶ በዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መተንፈሱ ነው። ኮሎኖስኮፒ ላይ ታካሚው ራሱ ማስክ ሊያደርግ መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ይህን እድል አያባክኑት።

የቀዶ ሕክምና ማስክ የሚረጭ ፈሳሽን ይከላከላል፤ በጉንጭ ዳር ግን አየር ያስገባል። ለተንሳፋፊ ብናኝ የተሠራ አይደለም፤ ለታካሚው፣ ለእንግዳ መቀበያና ለማገገሚያ ክፍል ይበቃል።

ኤን95 ቢያንስ 95% ብናኝ ያጣራል፤ በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ኤፍኤፍፒ2 94%፣ ኤፍኤፍፒ3 ደግሞ 99%። ቁጥሩ ግን የጨርቁ ነው እንጂ የፊቱ አይደለም። ማስኩ ከፊት ጋር ካልገጠመ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የገጠማ ፍተሻ በጣፋጭ ወይም በመራራ ጭጋግ ወይም በመለኪያ መሣሪያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማስኩ ዓይነትና መጠን የሚሠራ ነው፤ በመሣሪያ ሲለካ ኤን95 ቢያንስ 100 ማምጣት አለበት፣ ማለትም ከማስኩ ውጭ ያለው ብናኝ ከውስጡ 100 እጥፍ መሆን አለበት። የገጠማ ማረጋገጫ ደግሞ ማስኩን ባጠለቁ ቁጥር በሁለት እጅ ሸፍኖ መተንፈስና ዳር ዳሩን ሲያፈስ መስማት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይተካም። ግዢ ክፍሉ በርካሽ ያገኘውን አዲስ ዓይነት ማስክ ሲያመጣ የቀድሞው ፍተሻ ዋጋ የለውም፤ ወረርሽኝ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። ጺም የማስኩ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ካለ ፍተሻው ይወድቃል። ቫልቭ ያለው ኤን95 ለባሹን ቢጠብቅም የሚያስወጣውን ትንፋሽ ስለማያጣራ ታካሚውን አይጠብቅም። ብዙዎቹ ኤን95ዎች ፈሳሽ የሚቋቋም ሽፋን ስለሌላቸው ፌስ ሺልድ (ግልጽ የፊት መከለያ) ከላይ መኖር አለበት፤ ያለ እርሱ አንድ የሐሞት ፍንጣቂ ማስኩን ያበላሸዋል።

እጥረት ሲኖር ሁለት አማራጭ ይመጣል፦ ሳያወልቁ ለብዙ ታካሚ መልበስ፣ ወይም እያወለቁ ደግሞ መልበስ። የመጀመሪያው ይሻላል፤ እጅ ወደ ማስኩ የሚሄድበትን ጊዜ ይቀንሳል። ደግሞ መልበስ ግድ ከሆነ አምስት ጊዜ ገደብ ይሁን፤ ላስቲኩ ከላላ፣ ማስኩ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ቀድሞ ይጣል። በአልኮል ወይም በክሎሪን ማጽዳት አይታሰብ፤ አልኮል ብናኙን የሚስበውን የጨርቁን የኤሌክትሪክ ሙል ያጠፋዋል፣ ማስኩም ከውጭ ደህና መስሎ ሥራውን ያቆማል።

የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ካርትሪጁ (ማጣሪያው) እየተቀየረ ለወራት ያገለግላል፤ የአቅርቦት መቋረጥ ለሚያሰጋቸው ክፍሎች ከኤን95 ክምችት የተሻለ ዋስትና ነው። ዋጋው ጥቅም ላይ ሲውል ይመለሳል። ድክመቱ ድምፅ ያፍናል፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ መጽዳት አለበት፣ አብዛኞቹም የሚወጣውን ትንፋሽ አያጣሩም።

በባትሪ አየር የሚነፋው ኮፍያ (ፓፐር) ልቅ ስለሆነ የገጠማ ፍተሻ አይጠይቅም፣ ጺም ላለውም ይሆናል፣ ለረጅም ሥራም ያመቻል። በሥራ ደኅንነት ስሌት ኤን95 የሚተነፈሰውን ብናኝ በ10 እጥፍ፣ ልቅ ኮፍያው ደግሞ በ25 እጥፍ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን የሞኒተር ድምፅ አያሰማም፣ ቱቦውና ኮፍያው በየታካሚው መጽዳት አለባቸው፣ ሲያወልቁትም ከሌላው ሁሉ ይከብዳል። ለሁሉም ሠራተኛ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ በኤን95 ፍተሻ ለወደቁት ሁለትና ሦስት ሰዎች ይበቃል።

አደጋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመልበስ ሳይሆን በማውለቅ ላይ ነው። ጓንትና ጋውን ክፍሉ ውስጥ ይወልቁ፣ እጅ ይታጠብ፤ ፌስ ሺልዱ ከኋላ በኩል ተይዞ ይውጣ፤ ማስኩ ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ብቻ፣ ፊቱ ሳይነካ በላስቲኩ ይውለቅ፤ እንደገና እጅ ይታጠብ። ከበሩ ውጭ መታጠቢያ ወይም የእጅ አልኮል ከሌለ ሰው ማስኩን ቀድሞ ያወልቃል። ለዚህ መስታወትና አንድ የሚከታተል ሰው ከማንኛውም ተጨማሪ ልብስ ይበልጣሉ። ድርብ ጓንት ለማውለቅ ይረዳል፤ ሦስተኛው ምንም አይጨምርም።

ክፍሉ፦ ኔጋቲቭ ፕሬዠር፣ ተንቀሳቃሽ ማጣሪያ ወይስ መስኮት?

ብናኝ አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ነው። አየሩ በደንብ ይቀላቀላል ብለን ካሰላን ከታካሚው መውጣት በኋላ ብናኙ በ99% እንዲቀንስ የሚፈጀው ጊዜ ይህ ነው፦

በሰዓት 2 ቅያሪ — 138 ደቂቃ
በሰዓት 6 ቅያሪ — 46 ደቂቃ
በሰዓት 12 ቅያሪ — 23 ደቂቃ
በሰዓት 20 ቅያሪ — 14 ደቂቃ

99.9% ከተፈለገ ለ6 ቅያሪ 69፣ ለ12 ደግሞ 35 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህ ሰንጠረዥ የሚነግረን ስለ ጤና ብቻ አይደለም። አንድ ሥራ 25 ደቂቃ፣ ጽዳቱ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ 99% እስኪደርስ የሚጠብቅ ክፍል በ8 ሰዓት ቀን በ6 ቅያሪ 5 ታካሚ፣ በ12 ቅያሪ 8 ታካሚ ያያል። አየር ላይ የሚወጣ ገንዘብ ወረፋ ያሳጥራል፤ ለአስተዳደሩ ሲቀርብ በዚህ ቋንቋ ቢቀርብ ይሰማል።

ኔጋቲቭ ፕሬዠር ክፍል አየሩ ከኮሪደር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ቢያንስ በ2.5 ፓስካል ዝቅ ብሎ የሚሠራ ነው፤ አዲስ ሲገነባ 12 ቅያሪ ይታሰብለታል። ለብሮንኮስኮፒና ቫይረሱ እንዳለበት ለታወቀ ታካሚ ምርጫው እርሱ ነው። የሚበላሸው በሩ ሲከፈት ነው፤ ሥራ መሃል ዕቃ ለማምጣት የሚገባና የሚወጣ ሰው ካለ ክፍሉ ተራ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ግፊቱ እየሠራ መሆኑን በየቀኑ ከሥራ በፊት በበሩ ሥር ቀጭን ወረቀት ይዞ ወደ ውስጥ መሳቡን በማየት ማረጋገጥ ይቻላል። በተቃራኒው የቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ፕሬዠር ስለሆነ አየሩን ወደ ኮሪደር ይገፋል፤ ንጹሕ መሆኑን ብቻ አይተው የታመመ ሰው ኢንዶስኮፒ ወደዚያ ማዛወር ተገቢ አይደለም።

ተንቀሳቃሽ የሄፓ ማጣሪያ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ነው። ሄፓ ለማጣራት እጅግ አስቸጋሪ የሆኑትን የ0.3 ማይክሮን ብናኞች 99.97% ይይዛል፤ መግዛት ያለበት ግን የማጣሪያው ጥራት ሳይሆን የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ሜትር ኩብ ነው፤ 12 ቅያሪ ለማግኘት በሰዓት 720 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በከፍተኛው ፍጥነት የተለካ ነው። ሠራተኛው ጫጫታው ሲሰለቸው ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል፣ ቅያሪውም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በመካከለኛ ፍጥነቱ የሚበቃውን ይግዙ፣ ወይም ሁለት ትናንሽ ያስቀምጡ። አየር የሚስበው ጎን ከታካሚው ራስ አጠገብ ይሁን፤ ንጹሕ አየሩ ከሠራተኛው ጀርባ ወደ ታካሚው ይሂድ። ማሽኑን ከሐኪሙ ጀርባ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ያኔ የታካሚውን ትንፋሽ በሐኪሙ ፊት በኩል ይስበዋል።

መስኮት ርካሽ ነው፣ በብዙ ቦታ ከማሽን የበለጠ አየርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በተፈጥሮ አየር ለሚሠራ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 160 ሊትር አስቀምጧል፤ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ያሉ ሰፊ መስኮቶች ነፋስ ሲኖር ይህን ያገኛሉ። ጣጣው ነፋሱ ሲዞር የክፍሉ አየር ወደ መጠባበቂያ አዳራሽ መሄዱ ነው። ይህን የሚያስተካክለው መስኮት ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ማራገቢያ ገጥሞ የኮሪደሩን በር መዝጋት ነው፤ የሚወጣው አየር ሰው ከሚያልፍበት፣ ከሌላ መስኮትና ከአየር ማስገቢያ መራቅ አለበት። በአነስተኛ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማቀዝቀዣ ያንኑ አየር ያሽከረክራል እንጂ አዲስ አያስገባም። ከአማራጮቹ ውስጥ አይቆጠርም። በታካሚው ራስ ላይ የሚደፋው ግልጽ ሳጥንም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 አየር ሳይሳብባቸው በታካሚው ራስ ላይ ለሚደፉ ሳጥኖች ሰጥቶት የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አንስቷል። ሥራን ያደናቅፋሉ፣ ሲነሱም የታመቀውን አየር በአንድ ጊዜ ይለቁታል።

ማደንዘዣና የእጅ ሥራ

ጉሮሮን ብቻ ማደንዘዝ፣ ማረጋጊያ መድኃኒት መስጠት ወይም ቱቦ አስገብቶ ሙሉ ማደንዘዣ፦ ለአብዛኛው ታካሚ መካከለኛው ይመረጣል፤ የተረጋጋ ታካሚ ያነሰ ይስላል። የጉሮሮ ማደንዘዣ ከተሰጠ በስፕሬይ ሳይሆን በሚዋጥ ወይም በሚጉመጠመጥ ዓይነት ይሁን፤ ስፕሬዩ ራሱ ያስላል። ብዙ ደም ለሚተፋ፣ ረጅም ሥራ ለሚጠብቀው ወይም ቫይረሱ እንዳለበት ለተረጋገጠ ታካሚ ፊኛ ያለው ቱቦ የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋል፤ ነገር ግን ቱቦውን ማስገባትና ማውጣት ራሳቸው አደገኞቹ ደቂቃዎች ናቸው። በዚያ ጊዜ ቱቦ የሚያስገባውና አንድ ረዳት ብቻ ይቆዩ፣ በቱቦውና በማሽኑ መካከል የቫይረስ ማጣሪያ ይኑር፣ የኢንዶስኮፒው ቡድን አየሩ እስኪቀየር በውጭ ይጠብቅ።

ከቻናሉ የሚረጨውን በተመለከተ ወጪ የሌለው መፍትሔ አለ። ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ወይም ወጥመድ ሽቦ ሲወጣ ረዳቷ የባዮፕሲ ቫልቩን፣ ማለትም ዕቃ የሚገባበትን የቻናሉን ክዳን፣ በጨርቅ ትያዝ፣ ሽቦውም ቀስ ብሎ ይውጣ። ደጋግሞ የተወጋ የባዮፕሲ ክዳን ይላላል፣ ያኔ በግፊት ይተፋል፤ ክዳኑ በየታካሚው አዲስ ይሁን። መሣሪያው ከመውጣቱ በፊት አየሩ ይሳብ፣ የአየር ፓምፑም ይጥፋ። ክፍል ውስጥ መኖር የሌለበት ሰው አይኑር፤ ተማሪ በስክሪን ከውጭ መከታተል ይችላል።

መሣሪያውን ማጠብ፦ ምን ይቀየር፣ ምን አይቀየር?

ኢንዶስኮፕ የሕክምና ዕቃዎችን በኢንፌክሽን አደጋቸው በሚከፍለው የስፖልዲንግ ምደባ ከፊል አደገኛ ከሚባሉት ነው፣ ስለዚህ ከፍተኛ ደረጃ ማጽዳት ይገባዋል፤ ይህ ከወረርሽኙ በፊትም ነበር። ቫይረሱ አዲስ ስለሆነ ብቻ ኬሚካል መቀየር፣ ጊዜውን ማራዘም ወይም ሁለት ጊዜ መንከር ምንም አይጨምርም፤ ጎማውንና ማጣበቂያውን ግን ያስረጃል። ቅባታማ ሽፋን የሌለው ቫይረስ ቢመጣ እንኳ በትክክል የተሠራው ሂደት ይገድለዋል፤ ያኔ መከለስ ያለበት የእጅና የገጽ አልኮል ነው።

ስህተት የሚፈጠረው ከኬሚካሉ በፊት ባሉት ደረጃዎች ነው። መሣሪያው ከታካሚው እንደወጣ እዚያው አልጋው አጠገብ ይጠረግ፣ ሳሙናማ ውኃ በቻናሉ ይሳብ፤ ከዚያ ክዳን ባለው ጠንካራ ሳጥን ይሂድ። መሣሪያው ተቀዶ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይፈተሽ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በእጅ ይታጠብ፣ ቻናሎቹ ሁሉ በብሩሽ ይፈተጉ፣ ብሩሹ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። አንድ ሰዓት ካለፈ ቆሻሻው ይደርቃል፣ ተዋህስያኑም ኬሚካል የማይደርስበት ሽፋን ይሠራሉ፤ ሠራተኛ በታመመበትና ሌሊት ድንገተኛ ሥራ በበዛበት ጊዜ የሚጣሰው ይህ ሰዓት ነው። ሳሙናው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አዲስ ይሁን። ብሩሹ ከውኃው በታች እያለ ይሳብ፤ ከውኃ በላይ ሲወጣ ፊት ላይ ይረጫል። አጣቢው ረጅም ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ጋውንና ፌስ ሺልድ ያስፈልገዋል፤ ክፍሉ አየር ከሌለው ኤን95ም። ኤን95 ግን የኬሚካል እንፋሎትን አያጣራም።

ከኬሚካሎቹ ውስጥ ግሉታራልዴሃይድ ርካሽ ነው፣ መሣሪያውንም አይጎዳም። 2% የሆነው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ የአንዳንድ አምራቾች መለያ ከዚህ የረዘመ ጊዜና የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል፣ ያኔ መለያው ይከበር። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ በደንብ ያልታጠበ ደምና ንፍጥ ላይ ሲያርፍ ፕሮቲኑን አጣብቆ ያስቀረዋል። ያለ አየር መሳቢያ ክፍል ውስጥ አይመረጥም። ኦፒኤ (ኦርቶ-ፍታልአልዴሃይድ) 0.55% በ20 ዲግሪ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ማነቃቂያ አያስፈልገውም፣ ሽታውም አነስተኛ ነው፤ ዋጋው ይበልጣል፣ ቆዳንና ልብስን ግራጫ ያደርጋል፣ በሚገባ ካልተለቀለቀም ይቆያል። የፊኛ ካንሰር ኖሮባቸው በተደጋጋሚ የፊኛ ምርመራ በሚደረግላቸው ታካሚዎች ከባድ አለርጂ ስላስከተለ ለእነርሱ መሣሪያ አይውልም። ፐርአሴቲክ አሲድ ፈጣን ነው፣ ፕሮቲን አያጣብቅም፣ ወደማይጎዱ ነገሮች ይበሰብሳል፤ መዳብና ነሐስን ግን ይበላል፣ አብዛኛውን ጊዜም በማሽን ነው የሚሠራበት። ማሽን ላለው ፐርአሴቲክ፣ በእጅ ለሚሠራ ኦፒኤ ይሻላል።

ቀኑን ሳይሆን ጥንካሬውን ይመኑ። «14 ቀን ያገለግላል» ማለት ቢበዛ ነው። እርጥብ የገባ መሣሪያ ሁሉ ውኃ ይዞ ስለሚገባ ኬሚካሉ ይቀጥናል፤ ሥራ በበዛበት ክፍል በአምስተኛው ቀን ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ከእያንዳንዱ ጥቅም በፊት በመፈተሻ ወረቀት ይለካ፤ ግሉታራልዴሃይድ ከ1.5%፣ ኦፒኤ ከ0.3% በታች ከሆነ ይደፋ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የኬሚካሉ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደም የተጻፈው ደቂቃ አይሠራም።

በእጅ መንከርና የማጠቢያ ማሽን ሲነጻጸሩ ማሽኑ የተወሰነውን የመንከሪያ ጊዜ ሳያጓድል ይጨርሳል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ሠራተኛውንም ከእንፋሎት ያርቃል። በእጅ ሲሠራ ቻናሉ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ኬሚካሉን ያግዳል፤ በሲሪንጅ አረፋው እስኪጠፋ መሞላት አለበት። ማሽኑም የራሱ ወጥመድ አለው፦ የተሳሳተ ማገናኛ ከተገጠመ አንዱ ቻናል ሳይታጠብ «ተጠናቋል» ይላል። በብሩሽ መፈተጉን ማሽን አይተካውም። ከሁለቱም በኋላ ቻናሉ በአልኮል ይታጠብ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ በአየር ግፊት ይድረቅ፣ ቀጥ ብሎ ይሰቀል።

አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ኢንዶስኮፕ በወረርሽኝ ጊዜ በጣም ይነሳል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቱቦ ለገባለት ታካሚ ብሮንኮስኮፒ፣ ወይም ሌሊት አጣቢ በሌለበት፣ ዋጋውን ያወጣል። ለሐሞት ቱቦ የሚውለው ኢንዶስኮፕ ጫፉ ላይ ባለችው ማንሻ ምክንያት ለማጽዳት እጅግ ስለሚያስቸግርና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በማስተላለፉ፣ እዚያም የሚጣለውን መምረጥ ምክንያት አለው፤ ያ ምክንያት ግን ባክቴሪያ እንጂ ወረርሽኙ አይደለም። ለተራ ጋስትሮስኮፒ ብዙ ቆሻሻና ብዙ ወጪ ነው፣ ከታካሚው አፍ የሚወጣውን ትንፋሽም አይቀንስም።

አልጋ፣ ወለልና ቁልፎች

ለገጽ 0.1% ክሎሪን፣ ለፈሰሰ ደምና ፈሳሽ 0.5% ይበቃል። ከ5% በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ወስዶ 980 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ መጨመር የመጀመሪያውን፣ 100 ሚሊ ሊትር በ900 ላይ መጨመር ሁለተኛውን ይሰጣል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር አይቀላቀል። መጀመሪያ ቆሻሻው ይጠረግ፤ ክሎሪን ደም ላይ ኃይሉን ይጨርሳል። 70% አልኮል ለኪቦርድ፣ ለፕሮሰሰሩ ቁልፎችና ለሞኒተር ገመድ ይመረጣል፤ ለሰፊ ገጽ ግን ሳይቆይ ይተናል፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ባለበት ክፍልም እሳት ያነሳል። ክፍሉን በኬሚካል ጭጋግ መርጨት የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም፤ በእጅ ከመጥረግ የሚያንስና ሠራተኛውን የሚጎዳ ሥራ ነው። የአልትራቫዮሌት መብራት ጥላ ያለበትን አይደርስበትም፤ ካለ ከጽዳት በኋላ እንጂ በጽዳት ፈንታ አይውልም።

ስርጭቱ ሲረግብ ምን ይቅደም?

እርምጃዎቹን ማንሳትም ምርጫ ነው፣ ብዙ ክፍሎችም የሚያነሱት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው፦ አየር ማጣሪያው ቀድሞ ይጠፋል፣ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ይቆያል። ቀድሞ የሚቆመው ምልክት የሌላቸውን ሁሉ በፒሲአር መመርመር ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል ያለው የአየር መጠበቂያ ጊዜ፣ ምልክት ለሌለው ታካሚ ብቻ። ከዚያ ለኮሎኖስኮፒ ኤን95 ወደ ቀዶ ሕክምና ማስክ ይወርዳል፤ ለላይኛው ምርመራና ለብሮንኮስኮፒ የሚወርደው በመጨረሻ ነው። የስልክ ጥያቄው፣ ፌስ ሺልዱ፣ በጨርቅ የተያዘው ቫልቭ፣ መስኮት ላይ ያለው ማራገቢያና የዓመቱ የገጠማ ፍተሻ አይነሱም፤ ለቲቢና ለኢንፍሉዌንዛም ያገለግላሉ።